የመድረሳዎቻችን ወቅፍ ይጻፍ

ይድረስ ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ)፣ ለክልልና ለከተማ መጅሊሶች፣ እንዲሁም በየሰፈሩ ላላችሁ የመድረሳ ኮሚቴዎች

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ልመናዬ አንድ ነው። በአገራችን ላሉ መድረሳዎች የተሰጠ ወቅፍ ሁሉ፣ ማለትም ዋናው ሳይሸጥና ሳይወረስ ፍሬው ለበጎ ሥራ እንዲውል የተሰጠ ንብረት ሁሉ፣ መዝገብ ይኑረው። ሱቁ፣ ቤቱ፣ ግቢው፣ ወፍጮው፣ ኪታቡ ሳይቀር። ማን ሰጠው? ለምን ብሎ ሰጠው? ካርታው በማን ስም ነው? ናዚሩ፣ የሚያስተዳድረው ሰው፣ ማን ነው? በወር ስንት ያስገባል? ገንዘቡስ ምን ላይ ይውላል? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ በወረቀት የሚመልስ መድረሳ ካለ አላህ ይጨምርለት። እኔ በማውቃቸው በአብዛኞቹ ግን መልሱ ያለው አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ነው።

ሙያዬ ሂሳብ ነው። ልጅ ሳለሁ ቁርአን የቀራሁት ወሎ ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ "ሂሳባችንን ተመልከትልን" የሚሉኝ የመድረሳ ኮሚቴዎች አሉ። የምጽፈውም ከዚያ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸይበር ላይ መሬት ደረሳቸው። ከዚያ የተሻለ ንብረት አግኝተው አያውቁም ነበር። ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ዋናውን ይዘው ፍሬውን ሰደቃ ማድረግ እንደሚችሉ ተነገራቸው። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ፣ እንዳይወረስ አደረጉ። ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ባሪያን ነጻ ለማውጣት፣ በአላህ መንገድ ላሉ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ሆነ። የሚያስተዳድረው ሰውም በደንቡ ልክ ቢበላ ወይም ወዳጁን ቢያበላ ወንጀል የለበትም፤ ሀብት አያካብትበት እንጂ። ይህ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። የፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) ሊቃውንት ስለ ወቅፍ ሲናገሩ ከዚህ ይነሳሉ።

ይህን ታሪክ ኹጥባ ላይ ደጋግመን ሰምተናል። ተከታዩ ግን ብዙም አይነሳም። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት፣ ዑመር ነገሩን በቃል ብቻ አልተዉትም። አስጻፉት። ጸሐፊው ሙዐይቂብ ነው። ምስክሩ ዐብዱላህ ኢብኑል አርቀም ነው። መሬቱ "ሰምግ" ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። ናዚሯም በስም ተጠርተዋል፤ ልጃቸው፣ የምእመናን እናት ሐፍሳ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ከቤተሰባቸው አስተዋይ የሆነ ሰው። እስቲ አስቡት። ማንም የማይጠረጥራቸው ኸሊፋ ንብረቱን በስም፣ ናዚሩን በስም፣ ተተኪውን በቅደም ተከተል አስጽፈው ምስክር አቆሙ። ታዲያ የአንድ ሰፈር መድረሳ ኮሚቴ "እኛ እኮ እንተማመናለን" ብሎ የሚተወው በምን ምክንያት ነው?

ናዚሯ ሴት መሆናቸውንም ልብ በሉልኝ። በመድረሳ ኮሚቴዎቻችን ውስጥ ስንት እናቶች አሉ?

ኮሚቴዎቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ያየኋቸው ብዙዎቹ ከኪሳቸው አውጥተው የኡስታዝ ደሞዝ የሚሞሉ ሰዎች ናቸው። በእኔ ግምት ከመድረሳ ከሚሰረቀው ገንዘብ ይልቅ ማንም ሳያውቀው የሚፈሰው ይበልጣል።

የሱቅ ኪራይን እንውሰድ። መድረሳው መንገድ ዳር ሱቆች አሉት። ተከራዩ የጀመዓው ሰው ነው። አብሮን ይሰግዳል፣ ለቅሶ ላይ አብሮን ይቀመጣል። ኪራዩ ከዓመታት በፊት በተወሰነው ዋጋ ላይ ቆሟል። ጨምር ማለት ያሳፍራል። ጎን ያለው የግለሰብ ሱቅ በወር 15,000 ብር እየተከራየ የመድረሳው 4,000 ላይ ከቀረ፣ በየወሩ 11,000 ብር ከደረሶች (ከመድረሳው ተማሪዎች) ተወስዶ ለተከራዩ ይሰጣል ማለት ነው። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያነሳሁት። ልዩነቱ ከዚህ የሰፋበትም አጋጥሞኛል።

ፉቀሃዎች፣ የፊቅህ ሊቃውንቱ፣ ይህን ጉዳይ ከጨረሱት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኡጅረቱል ሚስል ይሉታል፤ አቻው ንብረት በገበያው የሚያወጣው ኪራይ። ናዚሩ ከዚህ በጣም ባነሰ ዋጋ ማከራየት አይፈቀድለትም። ከፊቅህ መዝሀቦች አንዱ የሆነው የሐነፊ ሊቃውንት ደግሞ ወቅፉን የሰጠው ሰው ሌላ ቃል ካላስቀመጠ በቀር፣ ቤትና ሱቅ ከአንድ ዓመት፣ የእርሻ መሬት ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይከራይ ገድበዋል። የፈሩት ነገር ነበር። ውሉ ሲረዝም ተከራዩ ባለቤት መምሰል ይጀምራል። ጎረቤትም እንደ ባለቤት ያየዋል። ከጊዜ በኋላ ንብረቱ ወቅፍ መሆኑን የሚመሰክር ሰው ይጠፋል። በእኛም ከተሞች ይኸው ሲሆን አይተናል። ተከራዩ ለሌላ ያከራያል፤ "የቁልፍ" ብሎ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይቀበላል፤ መድረሳው የድሮዋን ኪራይ ይዞ ይቀራል።

ለወንድም ማዘን ደግ ነገር ነው። ግን ከራስ ኪስ ይሁን። የኮሚቴ አባል የደረሳን ገንዘብ ለወደደው ሰው ሰደቃ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ናዚሩ የወቅፉን ሱቅ ለራሱ መከራየትም እንዲሁ አይችልም። ይህን በግልጽ የሚናገር መመሪያ ከመጅሊሱ ቢወጣ ብዙ ኮሚቴዎች እፎይ ይላሉ። "እኔ አይደለሁም የጨመርኩብህ፣ ደንቡ ነው" ለማለት ይመቻቸዋል።

ከኪራዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። ብዙ ቦታ ካርታው ያለው በአንድ ታማኝ ሰው ስም ነው። አንድ ከተማ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ የከተማውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። አንድ ሐጂ በግቢያቸው ውስጥ ያሉ ክፍሎችን ለመድረሳ ወቅፍ ማድረጋቸውን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በጀመዓው ፊት ተናገሩ። ተክቢራ ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ። ልጆች ገብተው መማር ጀመሩ። ካርታው ግን እንደነበረ በሐጂው ስም ቀረ። ሐጂው ወደ አኺራ ሲሄዱ ወራሾች መጡ። ከልጆቻቸው አንዱ "አባቴ የሰጠውን አልነካም" አለ። ሌላው ለዓመታት ከአገር ውጭ ስለነበረ ነገሩን አልሰማም። ሰነድ አሳዩኝ አለ። ሰነድ የለም። ከምስክሮቹ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው እርጅና ተጭኖት የቱ ክፍል እንደተሰጠ እንኳ አያስታውስም። ነገሩ በሽምግልና ተከፋፍሎ አለቀ፤ መድረሳውም ግማሹን አጣ። ከመሐላቸው ሌባ አልነበረም። አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው የጎደለው።

በሸሪዓ ወቅፍ አይወረስም። ነገር ግን ወቅፍ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የወቅፍ ጉዳይ ያያሉ። ሰጪው ሙስሊም መሆን አለበት፤ ተከራካሪዎቹም በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት መፍቀድ አለባቸው። አንደኛው ወገን ካልፈቀደ ክርክሩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ቅድሚያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው።

ድሮ አንድ ሰበብ ነበረን። በማን ስም እናስመዝግበው እንል ነበር። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 ለጠቅላይ ምክር ቤቱ በሕግ የታወቀ ሰውነት ሰጥቶታል። በስሙ ንብረት መያዝ፣ መዋዋል፣ መክሰስና መከሰስ የሚችል ተቋም አለን ማለት ነው። በግለሰብ ስም ያለው ካርታ ሁሉ ስሙ የሚዞርበት ዘመን ይህ ነው። የስም ዝውውር ወጪና ምልልስ አለው፤ አውቃለሁ። ባለካርታው በሕይወት እያለ የሚደረገው ምልልስ ግን ከሞተ በኋላ ከሚመጣው ክርክር እጅግ ይቀላል።

እዚህ ላይ የአንዳንድ ኮሚቴዎችን ስጋት አልሸሽገውም። "ካርታውን ለመጅሊስ ካዞርን መድረሳችን ከእጃችን ይወጣል" ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱም ያለው በሸሪዓው ውስጥ ነው። የዋቂፉ ሸርጥ፣ ማለትም ሰጪው ያስቀመጠው ቃል፣ ከሸሪዓ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ የሚከበር ነው። ለእገሌ ሰፈር መድረሳ ለሒፍዝ (ቁርአንን በቃል ለሚይዙ) ተማሪዎች ተብሎ የተሰጠ ቤት የመጅሊሱን ስም ስለያዘ ብቻ ለሌላ ከተማ ወይም ለቢሮ ወጪ ሊውል አይችልም። ናዚሩም ከሰፈሩ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መጅሊሱ ይህን በጽሑፍ ቃል ቢገባ፣ ስሙን የያዘው ለጥበቃ እንጂ ለመጠቀም እንዳልሆነ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ቢያሰፍር፣ ብዙ በር ይከፈታል። ይህ ቃል ሳይኖር ካርታ አምጡ ማለት ግን አያዋጣም።

አባቶቻችን ወቅፍን በደንብ ያውቁት ነበር። በወሎ ባሉት የዒልም ማዕከሎች በዳና፣ በጌታ፣ በጀማ ንጉሥ ደረሳ ከየአቅጣጫው እየመጣ የቀራው አካባቢው እያበላው ነው። ለመስጂድና ለሸሆች ቤት የተሰጠ መሬትም ነበር። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከኪራይና ከእርሻ ይገኝ የነበረው ገቢ የመስጂዱም የቤተ ክርስቲያኑም ቀረ። ከዚያ ወዲህ መድረሳ በአብዛኛው የሚኖረው በመዋጮ ነው። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ወቅፍ የሚደረገው በላዩ ላይ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። ስለዚህ የይዞታ ወረቀት ለኛ ወቅፍ ከሌላው አገር ይልቅ ያስፈልገዋል።

ከአገር ውጭ ደግሞ አንድ የሚያኮራ ታሪክ አለን። ካይሮ፣ አል-አዝሀር ውስጥ ሪዋቀል ጀበርት የሚባል የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። ከሐበሻና ከዘይላዕ በኩል የሚሄዱ ደረሶች የሚያርፉበት ነው። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የተወለዱት ይህን ሪዋቅ በሸህነት ከመራ ቤተሰብ ነው። የሪዋቆቹ ተማሪዎች ዕለታዊ ዳቦ የሚሰፈርላቸው ከወቅፍ ገቢ ነበር። ከእኛ ተራሮች ወርዶ ባሕር የተሻገረ ደረሳ፣ እሱን አይቶት የማያውቅ፣ ከሞተም ብዙ ዘመን ያለፈው ሰው ያበላው ነበር። እንዴት ተቻለ? የካይሮ የወቅፍ ሰነዶች የመምህሩን ደሞዝ፣ የተማሪውን ዳቦ፣ የመብራቱን ዘይት ሳይቀር ይዘረዝራሉ። ቃዲ ዘንድ ይመዘገባሉ። ሰጪው ቢሞት፣ ናዚሩ ቢቀየር፣ ዳቦው የማን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። እኛ የዚያ ዳቦ ባለዕዳ ነን ብዬ አምናለሁ። ዕዳውን የምንከፍለው ደግሞ ለራሳችን ደረሶች ነው።

አሁን ወደ አንድ አጣዳፊ ጉዳይ ልግባ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ምክንያት ቤቶች እየተነሱ ነው። ከሚነሱት መካከል የወቅፍ ቤት ሲኖር ካሳ ወይም ምትክ ቦታ ይሰጣል። ያ ካሳ የመድረሳው ተራ ገቢ አይደለም። የወቅፉ ምትክ ነው። በወቅፍ ለውጥ ጉዳይ እጅግ ጥብቅ የሆኑት ሻፊዒዮች እንኳ፣ የጠፋ ወቅፍ ዋጋ ሲከፈል በገንዘቡ ሌላ ንብረት ተገዝቶ በቦታው ወቅፍ ይደረግ ይላሉ። ስለዚህ ካሳው ለደሞዝ፣ ለቀለም፣ ለጣሪያ ከዋለ ወቅፉ ተበልቷል። ኮሚቴዎች ይህን የሚያደርጉት ባለማወቅ ነው፤ ችግርም ያስገድዳቸዋል። የካሳ ገንዘብ የሚቀመጥበት የተለየ ሂሳብ እንዲከፈትና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ምትክ እንዲገዛ የሚወስን ፈትዋ ከዑለማ ምክር ቤቱ በፍጥነት ያስፈልገናል።

ያረጀውንና ገቢ መስጠት ያቆመውን ወቅፍ መለወጥ ይቻላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሐነፊዮች በጥብቅ ሸርጥና በቃዲ ፈቃድ ይፈቅዳሉ። ሐንበሊዮች ጥቅሙ ሲቋረጥ ተሽጦ በሌላ ይተካ ይላሉ። ሻፊዒዮች በአብዛኛው ይከለክላሉ። አገራችን ውስጥ ሻፊዒም ሐነፊም አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ኮሚቴዎች በሁለት የተለያየ ብይን እንዳይሠሩ ዑለማዎቻችን ቁጭ ብለው አንድ የሥራ መንገድ ያውጡልን። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ የትኛው ይመረጥ ለማለት ቦታዬ አይደለም።

የሳጥኑ ነገርም አለ። ዘካው፣ ሰደቃው፣ የወቅፍ ኪራዩ፣ ለሕንፃ የተዋጣው፣ ሁሉም አንድ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ዘካ በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 የተዘረዘሩ ስምንት ባለመብቶች አሉት። የወቅፍ ኪራይ የሰጪውን ሸርጥ ይከተላል። ለሕንፃ የተዋጣው ለሕንፃው ነው። አንዴ ከተቀላቀሉ የትኛው ብር የማን እንደነበረ ማንም ኦዲተር አይለየውም። የተለያየ ሂሳብ መክፈት ከባድ አይደለም። ከወለድ ነጻ የሚሠሩ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች አሉን።

ከኪራዩ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጥገና ነው። ሊቃውንቱ በዚህ አይደራደሩም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠገን ገቢው ለሌላ አይከፋፈልም። ከዚያ ናዚሩ። ናዚር ይከፈለው። በነጻ ካልሠራ ኢኽላስ (ለአላህ ብሎ መሥራት) የለውም የሚል አመለካከት አለ። የዑመር ወቅፍ ራሱ ለአስተዳዳሪው በደንቡ ልክ እንዲበላ ፈቅዷል። ተገቢ ክፍያ የሚያገኝ ሰው በተገቢው ይጠየቃል። በነጻ የሚሠራን ሰው ደረሰኝ አምጣ ለማለት ሁላችንም እናፍራለን።

በጂዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ ያሉ እህቶቻችንንም ልረሳቸው አልችልም። በሰው ቤት ሠርተው ካገኙት ላይ ለሞቱ ወላጆቻቸው ሰደቀቱል ጃሪያ (የማይቋረጥ ሰደቃ) ይሁን ብለው ለመድረሳ ይልካሉ። በቴሌግራም ቡድን መዋጮ ሲጠራ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ሲልኩ "ወቅፍ ነው" ይላሉ። እዚህ ሲደርስ ለወሩ ደሞዝ ይውላል። ደሞዝ መክፈል ጥሩ ሥራ ነው፤ አጅርም አለው። ግን ኒያቸው (ሐሳባቸው) ዋናው ተቀምጦ ፍሬው እንዲሰጥ ነበር። አንዲት እህት የላከችው ገንዘብ ለብቻው ሱቅ ካልገዛ ከሌሎች ጋር ተደምሮ አንድ ሱቅ ይግዛ፣ ድርሻዋም በስሟ ይጻፍ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ2004 እ.ኤ.አ. ሙስካት ላይ የጥሬ ገንዘብ ወቅፍ እንደሚፈቀድ ወስኗል። መንገዱ ክፍት ነው። የጎደለው ለላከችው ሰው የሚመለስ አንድ ወረቀት ነው፤ ገንዘብሽ ደርሷል፣ እዚህ ንብረት ውስጥ ገብቷል፣ ገቢው ለዚህ ይውላል የሚል።

ጎረቤታችን ኬንያ በ1951 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የወቅፍ ኮሚሽነሮች አሏት፤ ሞምባሳ ላይ ይሠራሉ። ሲንጋፖር ሙስሊሞቿ ጥቂት ቢሆኑም ወቅፎቿን በአንድ ምክር ቤት ሥር በሕግ ታስመዘግባለች። እኛ ደግሞ የነጃሺ አገር ልጆች ነን። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። መዝገብ ለመያዝ ከደብተርና ከሐቀኛ ጸሐፊ በላይ ምን ያስፈልጋል?

የምጠይቀው ይህን ነው። መጅሊሱ አንድ ገጽ የሆነ የወቅፍ ቅጽ ያዘጋጅ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሌሎችም ቋንቋዎቻችን። የንብረቱ ልክና አዋሳኝ፣ የሰጪው ስምና ሸርጥ፣ የናዚሩና የተተኪው ስም፣ የምስክሮች ፊርማ ይኑርበት። በሦስት ቅጂ ይሙላ፤ አንዱ መድረሳው ዘንድ፣ አንዱ ወረዳው መጅሊስ፣ አንዱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይቀመጥ። በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ መጀመር የለበትም። ደቡብ ወሎ ላይ ወይም በአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ይሞከር። ቅድሚያ ግን በቃል ብቻ ለተሰጡት ይሰጥ። ምስክሮቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ቤታቸው ድረስ ተሂዶ፣ ድምፃቸው ተቀድቶ፣ ቃላቸው በጽሑፍ ሰፍሮ ይፈርሙበት።

የኮሚቴ አባላትም፣ መጅሊሱን ሳትጠብቁ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ለመጪው ረመዳን አዲስ ሕንፃ ብላችሁ ጀመዓውን መዋጮ ከመጥራታችሁ በፊት፣ ያላችሁን ንብረት ዝርዝርና የዓመቱን ኪራይ ገቢና ወጪ በመስጂዱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቅጹን በማዘጋጀትና መዝገቡን በማስጀመር ያለ ክፍያ የምናግዝ የሂሳብ ባለሙያዎች አለን፤ ጥሩን።

ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

አንድ የቀድሞ ደረሳ፣ የሂሳብ ባለሙያ